ማይል ወደ ጎዳናው ሲመለስ

እ.ኤ.አ. ሜይ 9 ቀን 1770 ጄምስ ፓሮት የሚባል ለንደናዊ ከቻርተርሀውስ ግንብ ሥር ተነሥቶ መሮጥ ጀመረ። የጎስዌልን መንገድ ይዞ ወረደ፣ ወደ ኦልድ ስትሪት ታጠፈ፣ ሾርዲች ቤተ ክርስቲያን በር ሲደርስ ቆመ። መተዳደሪያው አትክልትና ፍራፍሬ እያዞሩ መቸርቸር ነበር፤ የዚያን ዕለት የሮጠው ግን በገንዘብ ተወራርዶ ነው። ርቀቱ አንድ ማይል፣ የወሰደበት ጊዜ ደግሞ 4 ደቂቃ ተብሎ ተጻፈለት።

ዓለም አንድ ማይልን በ4 ደቂቃ የመሮጥን ነገር ከሮጀር ባኒስተር ስም ጋር አያይዞ ከማወቁ 184 ዓመት በፊት መሆኑ ነው። የፓሮትን ወሬ የሚጠራጠሩ ብዙ ናቸው፤ አሠልጣኝ የሌለው፣ በኮብልስቶን መንገድ ላይ የሮጠ ቸርቻሪ ይህን ሊያደርግ አይችልም ይላሉ። የሚያምኑት በበኩላቸው በዚያ ዘመን ጥሩ ሰዓትም፣ መሬት የሚለካበት ሰንሰለትም እንደነበረ፣ ገንዘብ ያስያዘ ሰውም በቀላሉ እንደማይታለል ያስረዳሉ። ክርክሩ ዛሬም አልተዘጋም። ፓሮት በእርግጥ የሮጠበት ጊዜ ምንም ይሁን ምን፣ ታሪኩ አንድ የማያከራክር ነገር ይዟል፤ ማይል መጀመሪያ የተሮጠው በስታዲየም ውስጥ አልነበረም። በጎዳና ላይ፣ በሰው መሐል፣ በተራ ሰው እግር ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዘመናት፣ ተለይቶ ካልተጠቀሰ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ርቀቱን ራሱን የሰጡት ሮማውያን ናቸው። ወታደሮቻቸው ሲጓዙ ሺህ ጥንድ እርምጃ አንድ ማይል ተብሎ ይቆጠር ነበር። እንግሊዝ በ1593 በንግሥት ኤልሳቤጥ ዘመን ባወጣችው ሕግ 5,280 ጫማ እንዲሆን ወሰነች፤ ይህም በዛሬ ልኬት 1,609 ሜትር ከ34 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። ኋላ በየመንገዱ ዳር የማይል ድንጋይ ሲተከል ለተወራራጆች ትልቅ ምቾት ሆነ። ከአንዱ ድንጋይ እስከ ቀጣዩ ድረስ ለመሮጥ የሚለካ ሰው መጥራት፣ ሜዳ መከራየት አላስፈለገም።

ሯጮቹ እነማን ነበሩ? ከቀደሙት ብዙዎቹ የመኳንንት አሽከሮች ናቸው። በሀገራችን ባላባት በበቅሎ ሲጓዝ አሽከሩ በእግሩ አብሮ እንደሚሄደው ሁሉ፣ የእንግሊዝ መኳንንትም ከሠረገላቸው ጎን የሚሮጡ አገልጋዮች ነበሯቸው። ጌቶቹ እነዚህን ሰዎች እርስ በርስ እያወዳደሩ ገንዘብ ያስይዙ ጀመር። የለንደኑ ማስታወሻ ጸሐፊ ሳሙኤል ፒፕስ በ1663 ክረምት ከተማው ሁሉ የሪችመንድ መስፍን አሽከርና አንድ ስመ ጥር ሯጭ ስላደረጉት ውድድር ሲያወራ እንደዋለ ጽፏል። አሽከሩ የሮጠበት ላብ የእርሱ፣ የውርርዱ ብር ግን የጌታው ነበር።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነገሩ መልኩን ቀየረ። ዊልያም ላንግ በ1863 ኒውማርኬት ላይ፣ ቁልቁለት ባለበት መንገድ፣ ማይሉን በ4 ደቂቃ ከ2 ሰከንድ ጨረሰ ተባለ፤ ቁልቁለቱ ስለረዳው ግን ማንም እንደ ክብረ ወሰን አልቆጠረለትም። ከሁለት ዓመት በኋላ ማንቸስተር ውስጥ በተከለለ መም ላይ ከዊልያም ሪቻርድስ ጋር እኩል ሲገባ የተያዘው 4 ደቂቃ ከ17 ሰከንድ ከሩብ ግን ተመዘገበ። ልዩነቱን የፈጠረው አጥሩ ነው። የተከለለ ቦታ ሲኖር ርቀቱ ይታወቃል፣ ወለሉ ይስተካከላል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በሩ ላይ ቆሞ ከተመልካች ገንዘብ መሰብሰብ ይቻላል። ማይል ከጎዳናው ወጥቶ ወደ መሙ የገባው በዚህ መንገድ ነው።

የዚያን ዘመን ትልቁን ሯጭ ዋልተር ጆርጅን ግን ሳያነሡ ማለፍ አይገባም። በልጅነቱ የመድኃኒት ቤት ተለማማጅ ነበርና ቀኑን ሙሉ ከባንኮኒው ኋላ ታስሮ ይውላል። ለመሮጥ ጊዜ ሲያጣ እዚያው በቆመበት ጉልበቱን እያፈራረቀ ወደ ላይ የሚያነሣበትን እንቅስቃሴ ፈጠረ፤ መቶ ጊዜ ስለሚደጋገምም በዚያው ቁጥር ተጠራ። በኋላ ስለዚሁ ልምምድ ጽፎ አሳትሟል፤ ዛሬም የሚሠሩት አሉ። ኦገስት 23 ቀን 1886 ለንደን ሊሊ ብሪጅ ላይ፣ ከ20,000 በሚበልጥ ተመልካች ፊት፣ ከስኮትላንዳዊው ዊልያም ከሚንግስ ጋር ገጠመ። ከሚንግስ መጨረሻው ላይ ተዝለፍልፎ ወደቀ። ጆርጅ በ4 ደቂቃ ከ12 ሰከንድ ከሦስት ሩብ ገባ፤ ከእርሱ ፈጥኖ ማይልን የሮጠ ሰው እስከ 1915 አልተገኘም። ሥራ የሚበዛበት ሰው ጠባብ ቦታ ውስጥ ራሱን አሠልጥኖ የዓለም ፈጣን ሲሆን ማየት፣ በየከተማው ከቢሮ መልስ ለሚለማመዱ ሯጮች ሁሉ የሚያኮራ ታሪክ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው ዘመን የመሙ ዘመን ነው፤ ጫፉም ሜይ 6 ቀን 1954፣ ማለትም ሚያዝያ 28 ቀን 1946 ዓ.ም.፣ ኦክስፎርድ ኢፍሊ ሮድ ነው። የሕክምና ተማሪው ባኒስተር ጠዋት ለንደን ውስጥ በሆስፒታል ነበረ፣ ረፋዱ ላይ በባቡር ሄደ፣ ነፋሱ እስኪበርድ ድረስ ልሩጥ ወይስ ልተው እያለ ቆየ። ክሪስ ብራሸርና ክሪስ ቻታዌይ አሯሯጭ ሆነውለት በ3 ደቂቃ ከ59.4 ሰከንድ ጨረሰ። ይህን የማያውቅ የስፖርት ወዳጅ ጥቂት ነው።

ከ23 ቀን በኋላ የሆነውን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ሜይ 29 ቀን በርሚንግሃም ላይ ዳያን ሌዘር የተባለች እንግሊዛዊት ማይልን በ4 ደቂቃ ከ59.6 ሰከንድ በመሮጥ ከ5 ደቂቃ በታች የገባች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። የባኒስተር ስም ዓለምን ሲያዳርስ የእርሷ ሩጫ እንደ ክብረ ወሰን እንኳ አልጸደቀም። ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን የሴቶችን ማይል መመዝገብ የጀመረው በ1967 ነው፤ በኦሎምፒክም ሴቶች 1,500 ሜትር እንዲሮጡ የተፈቀደው በ1972 ሙኒክ ላይ ነበር። ይህ በደል ነው፤ በሌላ ስም መጥራት አያስፈልግም። ኋላ ማይል ወደ ጎዳና ሲመለስ ሴቶች በወንዶቹ ቀን፣ በወንዶቹ መንገድ መሮጣቸው ትልቅ ትርጉም ያገኘውም ከዚህ የተነሣ ነው።

ማይልን ወደ ጎዳና ከመለሱት ሰዎች ዋነኛው ፍሬድ ሌቦ ይባላል። በ1932 ሮማንያ፣ አራድ ከተማ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ፤ ከጦርነቱ እልቂት ተርፎ፣ ሀገር ለሀገር ተንከራትቶ ኒው ዮርክ ገባ። በ1970 የኒው ዮርክ ማራቶንን ሲያስጀምር 127 ሰዎች ተነሥተው 55 ብቻ ጨረሱ፤ ውድድሩ በሴንትራል ፓርክ ውስጥ ብቻ የሚዞር ነበር። በ1976 ወደ አምስቱም የከተማዋ ክፍሎች አወጣው። በ1972 ደግሞ ለሴቶች ብቻ የሆነ የጎዳና ሩጫ አዘጋጅቶ 78 ሴቶች ተሳትፈዋል። ሌቦ ራሱ ፈጣን ሯጭ አልነበረም። የእርሱ ተሰጥኦ ከተማን የሚያህል ነገር ለሯጭ እንዲዘጋለት ማሳመን ነበር።

በ1981 ክረምት ማይል የዓለም መነጋገሪያ ሆኖ ነበር። ሴባስቲያን ኮ ኦገስት 19 ቀን ዙሪክ ላይ ክብረ ወሰኑን ያዘ፤ ስቲቭ ኦቬት በሳምንቱ ኮብሌንዝ ላይ ነጠቀው፤ ኮ ከሁለት ቀን በኋላ ብራስልስ ላይ በ3 ደቂቃ ከ47.33 ሰከንድ አስመለሰው። ሌቦ ይህ ግለት ሳይበርድ በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር 26 ቀን አምስተኛውን አቬኑ አዘጋ። የማንሃተን ጎዳናዎች በተራ ቁጥር የሚሄዱ በመሆናቸው ርቀቱን ማንም ሊረዳው ይችላል፤ 20 ጎዳና ያህል ማለፍ አንድ ማይል ይሆናል። መስመሩ ሴንትራል ፓርክን ተጠግቶ፣ ከሜትሮፖሊታን ሙዚየም አካባቢ ተነሥቶ ቀጥ ብሎ ወደ ደቡብ ይወርዳል። ዛሬ መነሻው 80ኛው፣ መድረሻው 60ኛው ጎዳና ነው። መታጠፊያ የለውም። ሁለተኛው ሩብ ላይ ግን መንገዱ ሽቅብ ስለሚል ቁልቁለቱን አምኖ የተፈተለከ ሁሉ እዚያ ይያዛል።

አንደኛ የወጣው ሲድኒ ማሪ ነው፤ ሰዓቱ 3 ደቂቃ ከ47.52 ሰከንድ። ከኮ የዓለም ክብረ ወሰን በሰከንድ ሁለት አሥረኛ ያህል ብቻ ይርቃል። ማሪ በደቡብ አፍሪካ የተወለደ፣ ለትምህርት ወደ አሜሪካ ቪላኖቫ ዩኒቨርሲቲ የመጣ ልጅ ነው። የአፓርታይድ መንግሥት በስፖርት ሲገለል የተወለደበት ሀገር ስም እርሱንም አብሮ ከዓለም አቀፍ ውድድሮች አግልሎት ነበር። ሥርዓቱ የረገጠው ሰው በሥርዓቱ ምክንያት ደግሞ ተቀጣ። ያ መገለል ትክክለኛ ትግል እንደነበረ አያጠራጥርም፤ ዋጋውን ግን ብዙ ጊዜ የከፈሉት ጥቁር ሯጮች ናቸው። ኢትዮጵያውያንም ይህን ያውቁታል፤ አፍሪካ በደቡብ አፍሪካ ጉዳይ የ1976ቱን የሞንትሪያል ኦሎምፒክ ስትተው ምሩጽ ይፍጠር በጉልምስና ዘመኑ ሳይሮጥ ቀርቶ፣ ሁለቱን ወርቅ ለማምጣት እስከ ሞስኮ 1980 መጠበቅ ነበረበት። ማሪ በኋላ በ1983 የ1,500 ሜትር የዓለም ክብረ ወሰን ሰብሯል።

የማሪ የኒው ዮርክ ሰዓት ከኮ ቢበልጥ ኖሮ እንኳ ክብረ ወሰን ሊባል አይችልም ነበር። ምክንያቱን ለመረዳት ኦክላንድን ማየት ይበቃል። የኒው ዚላንዷ ከተማ ኩዊን ስትሪት የሚባለው ጎዳናዋ ወደ ወደቡ ተዳፍቶ ይወርዳል፤ በ1983 ኬንያዊው ማይክ ቦይት እዚያ ላይ ማይሉን በ3 ደቂቃ ከ28.36 ሰከንድ ሮጠ። ቦይት የሙኒክ የ800 ሜትር የነሐስ ባለቤት፣ በ1976ም በ1980ም ሀገሩ ኦሎምፒክን ስለተወች ሁለት ዕድል ያመለጠው ትልቅ ሯጭ ነበር፤ ይህ ሰዓት ግን የእግሩ ብቻ ሳይሆን የቁልቁለቱም ነው። ለዚህ ነው ዛሬ በጎዳና ላይ ክብረ ወሰን እንዲጸድቅ መድረሻው ከመነሻው ዝቅ የሚለው በአንድ ኪሎ ሜትር ከአንድ ሜትር እንዳይበልጥ የተደነገገው፤ ለማይል አንድ ሜትር ከስድሳ ያህል ማለት ነው። በመነሻውና በመድረሻው መካከል ያለው ቀጥተኛ ርቀትም ከሩጫው ርቀት ግማሽ መብለጥ የለበትም፤ ሯጩ ነፋስን ከኋላው አድርጎ አንድ አቅጣጫ ብቻ እንዳይሄድ ነው። የአምስተኛው አቬኑ ቀጥ ያለ መስመር በዚህኛው ይወድቃል።

ርቀቱን በትክክል መለካቱስ? የዚህ ሙያ አባት ቴድ ኮርቢት ነው። የባሮች የልጅ ልጅ፣ በሙያው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ፣ በ1952 ሄልሲንኪ ላይ ለአሜሪካ ማራቶን የሮጠ፣ የኒው ዮርክ የጎዳና ሯጮች ማኅበር የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ነበር። በ1964 ስለ ጎዳና ውድድር አለካክ ያወጣው ጽሑፍ የአሜሪካን አሠራር ለወጠ። ዘዴው ብስክሌት ነው። ለኪው መጀመሪያ በብረት ሜትር በተለካ ቀጥ ያለ መንገድ ላይ እየተመላለሰ ጎማው ስንት ጊዜ እንደሚዞር ይቆጥራል፤ ቀጥሎ የውድድሩን መንገድ ሯጭ ሊሄድበት በሚችለው አጭር መስመር፣ በየመታጠፊያው ከዳሩ 30 ሳንቲሜትር ርቆ ይነዳል። በ1971 አለን ጆንስ የተባለ መሐንዲስ የፊት ጎማው ላይ የሚገጠም ቆጣሪ ሠራለትና ሥራው ቀለለ። መንገዱ በስሕተት እንዳያጥር ከሺህ አንድ ይጨመርበታል። ለማይል ይህ አንድ ሜትር ከስድሳ ያህል ነው፤ ሕዝቡ የሚሮጠው ማይል እንግዲህ በጥቂቱ ከማይል ይረዝማል።

ሕዝቡ መቼ ገባ? አምስተኛው አቬኑ የዝነኞች ትርዒት ብቻ ሆኖ አልቀረም። ከጠዋት ጀምሮ ተራ ሯጮች በዕድሜና በጾታ ተከፋፍለው በየተራ ይለቀቃሉ፤ ልጆች ይሮጣሉ፣ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ይሮጣሉ፤ ታዋቂዎቹ መጨረሻ ላይ ይመጣሉ። እስከ 2019 ድረስ ስምንት ጊዜ ያሸነፈችው አሜሪካዊቷ ጄኒ ሲምፕሰን የረገጠችው አስፋልት ከጥቂት ሰዓት በፊት አያት የሆኑ ሰዎች የረገጡት ነው። የማይል ውበት እዚህ ላይ ነው። ማራቶን ለመሮጥ ወራት ያስፈልጋል፤ ማይል ግን ጤነኛ ሰው በእርምጃ እንኳ በ15 ወይም በ20 ደቂቃ ይጨርሰዋል። አልፎ አልፎ የሚሮጥ ሰው በ10 ደቂቃ አካባቢ ይገባል። ተመልካች ደግሞ ሯጩን ከመነሻ እስከ መድረሻ ለመከታተል ግማሽ ቀን መቆም የለበትም፤ ልጁን፣ እናቱን፣ ጎረቤቱን አይቶ ቡና ሳይበርድ ቤቱ ይመለሳል።

አጭር ነው ማለት ግን ቀላል ነው ማለት አይደለም። የሮጡበት ሁሉ ተመሳሳይ ነገር ይናገራሉ። የመጀመሪያው ሩብ እግርን ያታልላል፤ ሰውነት ትኩስ ነው፣ ሕዝቡ ያጨበጭባል፣ ሁሉም ከአቅሙ በላይ ይወጣል። ሁለተኛው ላይ ትንፋሽ ይቀድማል። ሦስተኛው ከሁሉ የከፋው ነው፤ መድረሻው ገና ሩቅ፣ መነሻው ደግሞ የተረሳ፣ ጭኑ እንደ እርሳስ የሚከብድበት፣ ብዙ ሰው ሳያውቀው ፍጥነቱን የሚቀንስበት ነው። ልምድ ያላቸው ጉልበታቸውን ቆጥበው የሚያወጡት እዚህ ላይ ነው። አራተኛውን ሕዝቡ ይዞት ይገባል። ባኒስተርም ቢሆን የመጀመሪያውን ዙር በ57.5 ሰከንድ ሮጦ ሦስተኛው ከ62 ሰከንድ በላይ ወስዶበታል።

በእንግሊዝ ሀገርም ጎዳናው ማይሉን መልሶ አገኘው። ከለንደን ኦሎምፒክ በማግስቱ፣ በ2013፣ የዌስትሚንስተር ማይል ተጀመረ፤ ሴንት ጀምስ ፓርክን ዞሮ ባኪንግሃም ቤተ መንግሥት አጠገብ የሚያበቃ፣ ቤተሰብ ከነልጆቹ የሚሮጥበት ውድድር ነው። ኦክስፎርድ ደግሞ የባኒስተር ሩጫ 70ኛ ዓመት በሆነበት በሜይ 6 ቀን 2024 የማኅበረሰብ ማይል አዘጋጅታ ነዋሪዎቿ ከከተማው ጎዳና ተነሥተው ኢፍሊ ሮድ መም ላይ ጨረሱ። መሙ ራሱ የባኒስተር ውለታ አለበት። ተማሪ ሳለ፣ የዩኒቨርሲቲው የአትሌቲክስ ክበብ ፕሬዚዳንት ሆኖ፣ ወጣ ገባ የነበረውና ዙሩ የማይል ሲሶ የሆነው አሮጌ መም ፈርሶ አራት ዙሩ ማይል በሚሞላ አዲስ መም እንዲተካ ያስደረገው እርሱ ነው።

ለኢትዮጵያውያን ግን የዚህ ታሪክ ትልቁ ቀን መስከረም 20 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። የዓለም አትሌቲክስ በ2023 የጎዳና ማይልን ክብረ ወሰን በይፋ ሊመዘግብ ወሰነ፤ የመጀመሪያውን የዓለም የጎዳና ሩጫ ሻምፒዮናም በላትቪያ ዋና ከተማ ሪጋ አዘጋጀ። በሴቶች ማይል ሁሉም የጠበቀው ፌይዝ ኪፕዬጎንን ነበር፤ በዚያው ዓመት ሞናኮ ላይ የመሙን ማይል በ4 ደቂቃ ከ7.64 ሰከንድ ሮጣ ዓለምን አስደንቃለች። ገና የ21 ዓመት ልጅ የነበረችው ድርቤ ወልተጂ ግን በ4 ደቂቃ ከ20.98 ሰከንድ ቀድማ ገባች፤ የዓለም ክብረ ወሰንም ሆነ። ፍሬወይኒ ኃይሉ ሁለተኛ ወጣች፣ ኪፕዬጎን ሦስተኛ። በዚያው ቀን ሐጎስ ገብረሕይወት የ5 ኪሎ ሜትሩን ወርቅ፣ ዮሚፍ ቀጀልቻ ብሩን ወሰዱ።

ኢትዮጵያ ርቀትን በኪሎ ሜትር የምትቆጥር ሀገር ሆና ልጆቿ በማይል ይህን ያህል መሥራታቸው ያስገርማል። ገንዘቤ ዲባባ በ2016 ስቶክሆልም ላይ የቤት ውስጥ ማይልን በ4 ደቂቃ ከ13.31 ሰከንድ ሮጣለች። ዮሚፍ በፌብሩዋሪ 2019 ኒው ዮርክ ላይ የሒሻም ኤል ጉሩዥን የቤት ውስጥ ክብረ ወሰን በሰከንድ አንድ መቶኛ ብቻ ሳተው፤ ሦስት ሳምንት ቆይቶ ቦስተን ላይ በ3 ደቂቃ ከ47.01 ሰከንድ ሰበረው። በ2025 ይህን የዮሚፍን ሰዓት ኒው ዮርክ ላይ ያሻሻለው ያሬድ ንጉሤ ነው፤ ከኢትዮጵያውያን ወላጆች በኬንታኪ፣ ሉዊቪል የተወለደ አሜሪካዊ። ክብረ ወሰኑ ከአምስት ቀን በኋላ ወደ ኖርዌያዊው ያኮብ ኢንገብሪግትሰን ተሻገረ።

ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ በ2001 ሲጀመር ኃይሌ ገብረ ሥላሴ አሸንፎ 10,000 ያህል ሰው በአዲስ አበባ ጎዳና ተከትሎታል፤ ሕዝባችን በጎዳና መሮጥን ከተማረ ቆይቷል። ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በአዲስ አበባ «መንገድ ለሰው» በሚል ስም መንገዶች በተወሰኑ እሑዶች ለመኪና እየተዘጉ ለእግረኛ ተለቀዋል። ለማኅበረሰብ ማይል ከዚህ የተሻለ አጋጣሚ አይገኝም። ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነ ከተማ ሰዓቱ ከባሕር ዳርቻ ከተሞች መዘግየቱ አይቀርም፤ ባሕር ዳርና ሐዋሳ ግን ሜዳማ ናቸው፣ ከፍታቸውም ያንሳል። 10 ኪሎ ሜትር የሚለካ ባለሙያና ብስክሌት ባለበት ሀገር 1,609 ሜትር መለካት የአንድ ጠዋት ሥራ ነው። ሕፃናቱ መጀመሪያ፣ ከዚያ እናቶችና አባቶች፣ ከዚያ ከ60 ዓመት በላይ ያሉት፣ በመጨረሻም የክለብ ሯጮች ቢለቀቁ፣ እያንዳንዱ ምድብ 20 ደቂቃ ቢወስድ፣ መንገዱ እኩለ ቀን ሳይሞላ ለታክሲዎቹ ይመለሳል።